ልጁ ውሃ ላይ ነው የሚሠራው

የውሃ ሂሳብ በፖስታ ሲመጣ ሰው ሁሉ የኢኮኖሚ ምሁር ይሆናል። ስለ ባንክና ስለ ወለድ ሲወራ ጥግ ይዞ የሚያንቀላፋው እንኳ ያቺን ወረቀት ሲይዝ ዓይኑ ይበራል፣ ድምፁ ይወፍራል፣ ጣቱ ይነሳል። ውሃ የፈጣሪ አይደለም ወይ? ከባሕር ቀድተን፣ ጨውን አውጥተን ነው የምናጠጣችሁ ካሉስ፣ ያን ሁሉ ጨው የት አደረሱት? እሺ፣ ወደ ቤት ለሚገባው ይከፈል እንበል። ከቤት ለሚወጣው ፍሳሽ የምንከፍለው በምን ምክንያት ነው? እዚህ ላይ እኮ ሰጪዎቹ እኛ፣ ተቀባዮቹ እነሱ ናቸው።

ይህ የመጨረሻው ክርክር የማዛል ነው። ማዛል ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር፣ ወላጆቿ ከሞሮኮ የመጡ፣ ማይክሮፎን ኖሮም ሳይኖርም ድምፅዋ አንድ የሆነ ጎረቤቴ ናት። ክርክሯን ከሰማሁ ጀምሮ መልስ ፈልጌ አላገኘሁለትም። እናንተ ካገኛችሁ ለእሷ ንገሯት እንጂ ለእኔ አትንገሩኝ፤ በስሟ መከራከር ለምጃለሁ።

እኔ ዝናሽ እባላለሁ። ፔታህ ቲክቫ ውስጥ፣ አሳንሰር በሌለው ባለ አራት ፎቅ አሮጌ ሕንፃ፣ ምድር ቤቱ ላይ ከባለቤቴ ከአለሙ ጋር እኖራለሁ። እኔ አዛውንቶች በሚጦሩበት ቤት እሠራለሁ፤ አለሙ ኪርያት አርዬ ያለ ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ያሽጋል። ከዚህ ሌላ ደግሞ የሕንፃው ቫድ፣ ማለትም የነዋሪዎቹ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነኝ። የተመረጥኩት በሙሉ ድምፅ ነው። በምርጫው ዕለት የሥራ ተራዬ ስለነበር ስብሰባው ላይ አልነበርኩም፤ የሌለ ሰው ደግሞ እምቢ ማለት አይችልም። ዴሞክራሲን ያወቅኩት በዚህ በኩል ነው።

ሹመቴ ከመብራት አምፖል መቀየርና ደረጃ ከማስጠረግ አልፎ አያውቅም ነበር። አንድ ቀን ግን ከተማው ውስጥ ወሬ ተሰማ፤ የውሃና የፍሳሽ ዋጋ ይጨምራል። ምክንያቱ ቱቦዎቹ አርጅተዋል፣ መቀየር አለባቸው የሚል ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ዋጋውን የሚወስኑት እላይ የተቀመጡ፣ ስማቸውን የማናውቃቸው ሰዎች ናቸው። የሚሰደበው ግን እዚሁ ከተማ ውስጥ ሂሳቡን የሚልክልን የውሃ ድርጅት ነው። ሰው የሚሳደበው የሚደርስበትን ነው፤ ማን አውቶቡስ ተሳፍሮ ለመሳደብ ይሄዳል? ድርጅቱም ይህን አውቆ መሰለኝ፣ ነዋሪው ማትናስ፣ የሰፈሩ አዳራሽ ማለቴ ነው፣ መጥቶ እንዲሰማና እንዲናገር ጠራን።

ሕንፃችን ተናወጠ። አራተኛ ፎቅ የሚኖረው ቦሪስ፣ በሩሲያ ሂሳብ አስተማሪ የነበረ ረጋ ያለ ሽማግሌ፣ ደረጃው ላይ አስቁሞኝ ጭማሪው ቢቀር እንኳ የእሱ ዋጋ መቀነስ እንዳለበት አስረዳኝ። ውሃው እሱ ጋ ሲደርስ ደክሞ ነው። ፍሳሹ ደግሞ ከእሱ ቤት ሲወርድ በራሱ ክብደት ስለሚወርድ ማንንም አያስቸግርም። እንዲህ ባለ ጨዋ አነጋገር የሚነገር ነገር እንዴት ስህተት ሊሆን ይችላል? አንገቴን ነቀነቅኩለት።

ማዛል ግን ወደ ሥራ ገባች። አንድ ነጭ የአልጋ አንሶላ አመጣች፣ ቀለም አመጣች፣ እኔን አመጣች። መሬት ላይ ተንበርክከን በዕብራይስጥ ትላልቅ ፊደል ጻፍንበት፤ «አንዲት አጎራ አንጨምርም፤ ቧንቧችሁን ራሳችሁ ጠግኑ» ይላል፤ አጎራ የዚህ አገር ሳንቲም ናት። ከሕንፃው መግቢያ በላይ ከአንዱ በረንዳ ወደ ሌላው ወጥረን ሰቀልነው። አንሶላው ዳር ዳሩን ላስቲክ ያለው ዓይነት ነበርና ነፋስ ሲገባበት እንደ መርከብ ሸራ ይነፋል። ሕንፃችን ወደ ባሕር ጉዞ የጀመረ ይመስል ነበር። ስብሰባው ላይ ለመናገርም እኔው ተመረጥኩ፤ በዚህኛው ምርጫ ላይ ነበርኩ፤ ልዩነት አላመጣም።

አሁን ወደ ልጄ ልምጣ። ሺራን እዚሁ የተወለደች ናት። የሠራዊት አገልግሎቷን ጨርሳ፣ ተምራ፣ ሥራ ይዛለች። በአማርኛ ስጠይቃት በዕብራይስጥ ትመልሳለች፣ እማዬ በማለት ፈንታ ኢማ ትለኛለች፤ እኔ በዕብራይስጥ ስጠይቃት ትስቃለች። በዚያው ሰሞን አንድ ልጅ እንዳለ ነገረችን። ጥሩ ልጅ ነው፣ ወላጆቹ የጎንደር ሰዎች ናቸው፣ ነታኒያ ይኖራሉ፣ ሽማግሌ ሊልኩ ይፈልጋሉ። ኤላድ ይባላል። ምን ይሠራል ብላት፣ ቢሮ አለች። ቢሮ ውስጥ ምን ይሠራል ብላት፣ ቁጥር አለች። ከዚያ ስልኳ ጮኸ፤ ወይም የጮኸ መስሏት አነሳችው።

ሽማግሌዎቹ ዓርብ ረፋድ ሊመጡ ተቀጠረ። ሐሙስ ማታ ሺራን ወደ እኔ ጠጋ ብላ፣ «ኢማ፣ ያንን አንሶላ ለነገ ብቻ ብናወርደውስ?» አለችኝ። ምነው ብላት፣ አያምርም አለች። ልጄ፣ ትግል መቼ አምሮ ያውቃል? አልኳት። ደግሞም የሕንፃው እንጂ የእኔ አይደለም፤ ሊቀመንበር ሆኜ ለቤቴ ጉዳይ ብዬ የሕዝብን ድምፅ አላወርድም። ሺራን አንድ ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፣ ከዚያ ዘጋችው። ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ። ግን ዶሮው ነበረ፣ ድፎው ነበረ፣ ወንበር ከማዛል መዋስ ነበረ። የእናት ጭንቅላት ስንቱን ይችላል?

ዓርብ መጣ። ስለ ዓርብ ላስረዳችሁ። በዚህ አገር ዓርብ ረፋድ ሁሉም ሰው ሰንበት ሳይገባ ያጥባል። ወለል ይታጠባል፣ ልብስ ይታጠባል፣ ድስት ይታጠባል፣ ሰው ይታጠባል። የቱቦ አምላክ ቢኖር ኖሮ ዓርብን ከሳምንቱ ያወጣው ነበር።

ሦስት ሽማግሌዎች ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው ገቡ። አለቃቸው አባ ፈረደ ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል ከአፋቸው መዝነው የሚያወጡ ሰው። ተቀመጡ አልናቸው። አባ ፈረደ፣ «የመጣንበትን ሳንናገር፣ መልሳችሁንም ሳንሰማ አንቀመጥም» አሉ። ወጉ ነው። አለሙም በሚገባ ኮራ፤ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቆመ። እነሱም ቆሙ። እኔም የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ሺራን መኝታ ቤት ሆና በሩን ገርበብ አድርጋ ታዳምጣለች።

አባ ፈረደ ልጅ ለልጅ እንድንሰጣጥ ጠየቁ። አለሙ ዘር መቆጠር አለበት አለ። ተጀመረ። የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ ልጅ፣ በአባት በኩል ከደምቢያ፣ በእናት በኩል ከወገራ። የአባ ፈረደ ድምፅ እንደ ንባብ ይወርዳል። ወደ ቅድመ አያቶች ስንደርስ ከሻወር ቤት አንድ ድምፅ መጣ። ጉርርር። ሁላችንም ሰማን፤ ሁላችንም እንዳልሰማን ሆንን። አባ ፈረደ ወደሚቀጥለው አያት ተሻገሩ። ጉርርር። አለሙ ዞሮ አየኝ፤ የእኔ ሆድ የመሰለው ይመስለኛል።

ዘሩ ተቆጥሮ አለቀ። ዝምድና የለም፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተባለ። አለሙ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ልጁ ምን እንደሚሠራ ጠየቀ።

«ልጁ ውሃ ላይ ነው የሚሠራው» አሉ አባ ፈረደ።

አለሙ ደስ አለው። «ባሕር ኃይል ነዋ» አለ።

«የለም፤ የብስ ላይ ነው» አሉ አባ ፈረደ። «እዚሁ እናንተ ከተማ፣ የውሃው ድርጅት ውስጥ ነው። የቱ ቱቦ መቼ እንደሚቀየር፣ ለዚያም ስንት እንደሚያስፈልግ የሚያሰላ እሱ ነው። እንዲያውም ስንገባ በራችሁ ላይ የሰቀላችሁትን ይህ ወንድሜ አነበበልኝ። ለእኛ ይሆን እንዴ እየተባባልን ነው የገባን።»

እስቲ በእኔ ቦታ ሁኑ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልኩ። መሬት ግን የራሷ ችግር ነበረባት። በዚያው ቅጽበት የሻወር ቤቱ ወለል ላይ ያለው ማፍሰሻ የነበረውን ሁሉ ተፋ። ከላይ ያሉት ፎቆች ሁሉ ዓርባቸውን ያጠቡበት ውሃ፣ ከነሳሙናው፣ ከነምናምኑ፣ ኮሪደሩን ይዞ ቀስ እያለ፣ እንደ ተጋበዘ እንግዳ ወደ ሳሎን ገባ። ሽታውን አልገልጽላችሁም፤ ምሳችሁን በልታችሁ ከሆነ እንዳታዝኑብኝ።

የሽማግሌዎቹን ነገር ግን ልንገራችሁ። መልስ ሳይሰሙ መቀመጥ አይችሉም። መልስ ሳይሰሙ መሄድም አይችሉም። ውሃው ጫማቸው ጋ ሲደርስ ሦስቱም ነጠላቸውን ሰብስበው፣ ሱሪያቸውን በአንድ እጅ ከፍ አድርገው፣ እንደ ሽመላ ቆሙ። አለሙ ምንጣፉን ይጠቀልላል። ሺራን ለብሳ የተዘጋጀችውን የሐበሻ ቀሚስ ወገቧ ላይ ቋጥራ፣ የወለል መጥረጊያውን ይዛ ከመኝታ ቤት ወጣች። ሙሽሪት የምትታይበት ጊዜ ገና ነበር፤ በወጉ ቢሆን በር ዘግታ መቀመጥ ነበረባት። አንዱ ሽማግሌ አይተዋት፣ «ጎበዝ ናት» ሲሉ ሰማኋቸው። እኔ ወጥ ቤት ገብቼ፣ ዶሮውን መደርደሪያ ላይ አውጥቼ፣ ፊቴን በፎጣ ሸፍኜ አለቀስኩ። በሳቅ የሚያልፍ ነገር ነው ትላላችሁ፤ አዎ፣ አሁን በሳቅ እያለፈ ነው። ያን ጊዜ ግን ልጄ አንድ ቀን ያማረ ነገር ታገኝ ብዬ ያጠራቀምኩት ሁሉ ወለሉ ላይ ሲንሳፈፍ ነበር ያየሁት።

ሺራን መጥታ በመዳፏ ጀርባዬን ነካችኝ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ብነግርሽ ኖሮ ስሙን አንሶላው ላይ ትጽፊው ነበር» አለችኝ፤ በአማርኛ። አማርኛ የምትናገረው ሆዷ ሲያዝን ነው።

ማዛል ጩኸት ሰምታ ወረደች። አንድ ጊዜ አየት አደረገችና ሽማግሌዎቹን በእጅ ምልክት ወደ ቤቷ አወጣቻቸው። አባ ፈረደ ደረጃ ላይ ቆመው፣ እዚያ መቀመጣቸው እንደ እሺታ እንዳይቆጠር፣ እንደ እምቢታም እንዳይቆጠር ከአለሙ ጋር ተስማሙ። ከዚያ ተቀመጡ። ማዛል ለሰንበት የሠራችውን የሚያቃጥል ዓሣ አቀረበችላቸው፤ ቋንቋ ሳይግባቡ በበርበሬ ተግባቡ። አባ ፈረደ ከዓሣው መሃል ስልካቸውን አውጥተው ኤላድን ጠሩት። ሙሽራው ሽማግሌ በተላከበት ቀን የሙሽሪት ቤት መድረስ ነውር ነው። «ነውሩን በኋላ እንነጋገርበታለን፤ አሁን መኪና ይዘህ ና» አሉት።

መጣ። ወፍራም ቱቦ የተጠመጠመበት ትልቅ የፍሳሽ መኪና ከነሠራተኞቹ ከፊት፣ እሱ በትንሽ መኪና ከኋላ። የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ መነጽር ያደረገ ቀጭን ልጅ ነው። ሲያየኝ ቀላ ብል አታምኑኝም፤ ግን ቀላ። እዚህ የተወለዱት ልጆች እኛን ማክበር ይፈልጋሉ፤ አማርኛው ግን እየከዳቸው ነው። «እርስዎ ሰላም ነሽ?» አለኝ። ሰላም ነኝ አልኩት። ምን ልበለው?

ሠራተኞቹ ደጃፉ ላይ ያለውን የጉድጓድ ክዳን አነሱ። ኤላድ ሸሚዙን ሳይሰስት ተንበርክኮ አየ። ቱቦው ሰፈሩ የብርቱካን እርሻ መሆኑን ትቶ ሰፈር ሲሆን የተቀበረ ነው አለኝ። ተሰንጥቋል፤ የፊቱ ዛፍ ሥር ደግሞ ውሃ ፍለጋ ገብቶበታል። አሁን መጥጠው ያጸዱታል፤ ግን ይመለሳል።

«እስከ መቼ?» አልኩት።

«እስኪቀየር ድረስ።»

«መቼ ይቀየራል?»

«ገንዘብ ሲኖር» አለና ቀና አለ። ቀና ሲል ደግሞ ፊቱ ያለው ምንድን ነው? አንሶላው። ነፋስ ገብቶበት፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ እያንዳንዱ ፊደል በግልጽ ይነበባል። ልጁ አነበበው። ወደ እኔ አልዞረም። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፤ ሸሚዙ ቆሽሾ ስለነበር መነጽሩን አባሰው። እኔም ስለ አየሩ አንድ ነገር ተናገርኩ።

አለሙ የዚያኑ ዕለት እሺ ሊል ነበር። እንዲህ ያለ አማች የት ይገኛል፣ ሲጠሩት ከነመኪናው ይመጣል አለ። እኔ ግን ቀጠሮ ይሰጠን አልኩ። ሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ተቀብለው፣ ዶሮውንም በዕቃ ተቀብለው ሄዱ። ለምን አዘገየሁ? ስብሰባው የሚቀጥለው ረቡዕ ነበራ። ረቡዕ አንሶላውን የሰቀለችው ሴት ሆኜ መናገር አለብኝ። ዓርብ እሺ ብዬ ረቡዕ ብቃወመው ልጄን አዋርዳለሁ፤ እሺ ብዬ ባልቃወመው ሕንፃዬን ሸጥኩ። አለሙ ያገኘው መፍትሔ ታመምኩ በዪ የሚል ነበር። ባሎች ለአገር ጉዳይ የሚያመጡት መፍትሔ ከዚህ ርቆ አያውቅም።

ረቡዕ አዳራሹ ሞላ። ኤላድ መድረኩ ላይ ነው፤ ሌላ ሸሚዝ ለብሷል። ጠረጴዛው ላይ ከመሬት የወጣ የተቆረጠ ቱቦ አስቀምጧል፤ ውስጡ በዝገትና በደለል ታፍኖ ጣት የማያስገባ ሆኗል። ይህን ለመቀየር ይህን ያህል፣ ካልተቀየረ ደግሞ በየጊዜው ለመጠገንና ለሚባክነው ውሃ ይህን ያህል እያለ አስረዳ። ሕዝቡ እንደ ባህሉ አጉረመረመ። ቦሪስ ተነስቶ የአራተኛ ፎቅን ጉዳይ በጨዋነት አቀረበ። ኤላድ በቁም ነገር ጻፈለት። ከዚያ የእኔ ስም ተጠራ።

ስነሳ ማዛል ከኋላዬ፣ «ያላ፣ በይ ዝናሽ፣ አሳዪያቸው» አለች። ማይክሮፎኑን ያዝኩ።

«እኔ የመጣሁት አትጨምሩ ልል ነው» አልኩ። «አሁንም ከባድ ነው እላለሁ። በጡረታ ብቻ የሚኖሩ አዛውንቶችን በየቀኑ አያለሁ፤ ገላቸውን ስናጥባቸው እንኳ ውሃውን ዝጊው፣ ይቆጥራል ይሉኛል። ሰው ገላውን ሲታጠብ መፍራት የለበትም። ግን ዓርብ ዕለት፣ እንግዶቼ ፊት፣ ከሻወሬ የወጣውን አይቻለሁ። ያንን ያየ ሰው ቱቦው አይቀየር ማለት አይችልም። ስለዚህ ጨምሩ። ባንድ ጊዜ ግን አይሁን፤ ቀስ በቀስ ይሁን። የማይችለውን ሰው ለዩት። ገንዘቡ ቱቦ ይገዛበት እንጂ የቢሮ ወንበር አይገዛበት። የት እንደቆፈራችሁም በየጊዜው አሳዩን።»

እኩሉ አጨበጨበ፣ እኩሉ አፏጨ። ቦሪስ በዚያ ረጋ ባለ ድምፁ፣ «ተሸጠናል» አለ። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ይህችን ሴት በስንት ገዟት ብሎ ጠየቀ።

ማዛል ይህን አልቻለችም። ለእኔ ክብር ብላ ተነሳች፤ እግዚአብሔር ይስጣት፣ ለወዳጅ የሚነሳ ሰው ጥቂት ነው። «ማንም አልገዛትም» አለች፤ ያለ ማይክሮፎን። «እንዲያውም ልጅቷን ገና አልሰጠችውም።»

ስብሰባውን የምትመራው ሴትዮ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ፣ ማንን ነው የምትሰጠው፣ ለማንስ ነው ብላ ጠየቀች። ማዛል በጣቷ መድረኩን አሳየች። የኤላድ ፊት እንዴት እንደሆነ አልነግራችሁም። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞራ፣ ከተናጋሪው ጋር ዝምድና እንዳለኝ እንድገልጽ በትሕትና ጠየቀችኝ።

«እስካሁን የለንም» አልኳት። «መልሱ ተቀጥሯል።»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። ከዚያ ግን ነገሩ መልኩን ቀየረ፤ የውሃው ስብሰባ የጋብቻ ሽምግልና ሆነ። አንዱ ከኋላ አትስጪው አለ። ሌላዋ ስጪው፣ ግን መንገዳችንን አስቀድሞ ይቆፍር አለች። ቦሪስ ተነስቶ፣ ሴት ልጅ ቢያንስ አንድ ሙሉ ጎዳና እንደምታወጣ፣ ከዚያ በታች መደራደር ሞኝነት እንደሆነ አስረዳ። አሁን ሁሉም በእኔ በኩል ነው። ሸጥሽን ያለው ሰው ሁሉ ዋጋ አስወጪልን ይለኝ ጀመር።

ኤላድ ማይክሮፎኑን ወሰደ። አልተንተባተበም። ጎዳናዎቹ ተራ የያዙት በቱቦዎቹ ሁኔታ ነው አለ። የወይዘሮ ዝናሽ ጎዳና ዝርዝሩ ላይ አለ፤ የመጀመሪያው ግን አይደለም። ከእሱ የባሱ አሉ፤ እዚያ የሚኖሩ ሰዎችም ሻወር ቤት አላቸው። «በጣም አከብራታለሁ» አለ። «እሺ እንድትለኝም በጣም እፈልጋለሁ። ግን ለእሷ ብዬ አንድ ሜትር እንኳ አላስቀድምም።»

ጮኹበት። አፏጩበት። እኔ ግን እዚያው ቆሜ፣ መጀመሪያ ፊቴ ጋለ፤ በሰው ፊት እምቢ መባል ቀላል አይደለም። ከዚያ ሌላ ነገር ተሰማኝ። ሽማግሌ ልኮ መልስ የሚጠብቅ ወንድ ለአማቱ ምን የማይላት ነገር አለ? ጨረቃን አወርዳለሁ ይላል። ይህ ልጅ አንድ ሜትር ቱቦ አልሰጠኝም። ለእኔ ብሎ ያልተጣመመ ሰው፣ ነገ ልጄ ፊት ለማን ብሎ ይጣመማል? ሺራን ከአዳራሹ በር አጠገብ ቆማ ነበር፤ ጥፍሯን ትበላለች። ቀና ብዬ አየኋት፤ አየችኝ። እሷም ያው እኔ ያሰብኩትን ከብዙ ጊዜ በፊት ያሰበችው መሰለኝ።

ቤት ስንደርስ ለአለሙ፣ «ለአባ ፈረደ ደውልላቸው» አልኩት። ምን ልበል አለኝ። «ይቀመጡ በላቸው» አልኩት።

ዋጋው ጨመረ፤ ቀስ በቀስ ነው የጨመረው። የእኔ ንግግር ሠርቶ ነው አልልም፤ አትጠይቁኝ እንጂ ብትጠይቁኝ አልክድም። ሰርጉ ተሠርጎ ካለቀ በኋላ የእኛ ጎዳና ተራ ደረሰ። ቆፋሪዎቹ መጡ፣ አቧራው መጣ፣ አውቶቡሱ መንገድ ቀየረ፣ ማዛልም በረንዳዋ ላይ ወንበር አውጥታ ሥራውን ከላይ ሆና አስተዳደረችው። አዲሱ ቱቦ ተቀበረ። አሁን ዓርብ ረፋድ ሲያጥቡ ውሃው ወደሚሄድበት ይሄዳል። ቦሪስ ግን የአራተኛ ፎቅን ጉዳይ አልተወውም፤ ኤላድ በመጣ ቁጥር ደረጃ ላይ ይጠብቀዋል።

ሙሽሮቹ እዚሁ ከተማ፣ ክፋር ጋኒም የሚባል ሰፈር ቤት ተከራዩ። አዲስ ሕንፃ ነው፤ አሳንሰሩ ይናገራል፣ የቧንቧው እጀታ እንደ መስታወት ያበራል። ባለፈው ሐሙስ ሺራን ደወለችልኝ፤ ተቆጥታለች።

«ኢማ፣ ሂሳቡን አየሽው?» አለችኝ። «የእኛ ቱቦ አዲስ ነው። እኛ ምን አጥፍተን ነው ለእናንተ አሮጌ ሰፈር ቱቦ የምንከፍለው? እዚህ ያሉ ጎረቤቶች ሁሉ ተናደዋል። እኔ እንድናገርላቸው መረጡኝ።»

ባልሽስ ምን ይላል አልኳት።

«ስምሽን አስመዝግቢና ተራሽን ጠብቂ አለኝ። እስቲ አሁን ይህ ለሚስት የሚባል ነገር ነው? ዛሬ እሱ ጋ አላድርም፤ እናንተ ጋ ነኝ።»

በሰደር፣ እሺ ነይ አልኳት። ልዘጋ ስል፣ «ኢማ፣ ቆይ» አለችኝ። «የሚታጠብ ልብስም ስላለ ይዤው እመጣለሁ። እዚህ ውሃው ተወዷል።»